ከሌባ ሻይ እስከ «የእምነት ቃል»

በድኅረ ምረቃ መርሐ ግብር የወንጀል ጥናትና የወንጀል ፍትሕ አስተዳደር ከማስተምራቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ የፖሊስ መኮንኖች ናቸው። ቀን ሲመረምሩ ውለው ማታ ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንድ ምሽት ስለ ምርመራ ሕግ ተናግሬ ስጨርስ፣ በሥራው የሸመገለ አንድ መርማሪ እጁን አነሣና፣ «ዶክተር፣ ሕጉን እናውቀዋለን። ነገር ግን ሰውዬው አላምንም ካለ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ምን ይዤ ልቅረብ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አጭር መልስ ሰጥቼ አለፍሁ፤ መልሱ ግን እኔኑ አላረካኝም። ስለዚህ ዛሬ ለእርሱም ለእናንተም ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ፣ ጥያቄው የእርሱ ብቻ አይደለም። በአገራችን የወንጀል ምርመራ ታሪክ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ሲመላለስ የኖረ ነው። ወንጀል ሲፈጸም ሁለት ነገር ይቀራል፤ በሥፍራው ላይ የሚቀር ዱካና በሰው አፍ ውስጥ የሚቀር ቃል። እኛ ከዱካው ይልቅ ቃሉን ስናሳድድ ኖረናል።

ሌባ ሻይን እናስታውስ። እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ ንብረት የተሰረቀበት ሰው ሲያመለክት አንድ ብላቴና መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ በታሰረ ጨርቅ እየተያዘም በየመንደሩ ይነዳል። ብላቴናው ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ለዚያ ምስኪን ባለቤት ማስተባበያ የለውም፤ የሰከረ ሕፃን እንዴት መስቀለኛ ጥያቄ ይጠየቃል? ከልጅ ኢያሱ ዘመን ጀምሮ ልማዱን ለማስቀረት የተሞከረውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ከዚህ የተሻለ ነበር። ወንጀል አድራጊው ያልታወቀ እንደ ሆነ ያገሩ ሰው በአንድ ሥፍራ ይሰበሰባል፤ ይምላል፤ የሚያውቀውን እንዲያወጣ ይጠየቃል። ጥፋተኛው እስኪታወቅ ድረስ ጉባኤው ይቀጥላል፤ ካልታወቀም ካሣውን ያገሩ ሰው በጋራ ይከፍላል። ጠቋሚው እንዳይጠቃ ስሙ ይሰወርና የሰጠው ቃል «የወፍ» ቃል ተብሎ ይያዛል። ፖሊስ በሌለበት አገር ይህ ሥርዓት የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለፍትሕ አውሏል፤ ልንንቀው አይገባም። ሆኖም ሁለት ጠባሳ ትቶልናል። አንደኛው፣ እውነት የሚወጣው ሰውን አግቶ በማቆየት ነው የሚል እምነት ነው። ሁለተኛው፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው በሌላው ላይ ሊመሰክር ይችላል የሚል ልማድ ነው። ወፏን እንያዛት፤ ኋላ ተመልሳ ትመጣለች።

ዘመናዊው ሕግ በፍጥነት መጣ። የመቀጫ ሕግ በ1923 ዓ.ም. ወጣ። ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ የፖሊስ አዋጅ ታወጀ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻም የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ማቲው ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ጸደቁ። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ በአንቀጽ 27 ተጠርጣሪው ለመመለስ እንደማይገደድ ለራሱ እንዲነገረው ያዛል። በአንቀጽ 31 ማባበልን፣ ማስፈራራትንና ማናቸውንም ተገቢ ያልሆነ ዘዴ ይከለክላል። በአንቀጽ 35 ደግሞ ተናጋሪው በገዛ ፈቃዱ መናገሩን ፍርድ ቤቱ ራሱ ጠይቆ ሳያረጋግጥ የእምነት ቃሉን እንዳይመዘግብ ይከለክላል። ከዚህ የጠራ ሕግ ከየት ይመጣል?

ነገር ግን የተረጎምነው ሕጉን እንጂ ሙያውን አልነበረም። አንቀጽ 31 መርማሪውን «አትምታ» ሲለው፣ በምትኩ የጣት አሻራውን፣ የአስከሬን ምርመራውን፣ የወንጀል ሥፍራ አጠባበቁን የሚያስታጥቀው አካል በየአውራጃው አልነበረም። በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የሕግ ባለሙያው በዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊሱ በኮሌጁ ይሠለጥን ጀመር፤ ሁለቱ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚከራከሩበት ዕድል ጠባብ ነበር። ያው ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 59 እያንዳንዱ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ሲደነግግ፣ ቀጠሮው ስንት ጊዜ ሊደገም እንደሚችል ግን ወሰን አላበጀለትም። በዚህች ቀዳዳ አሮጌው እገታ በአዲስ ልብስ ገባ።

የደርግ ዘመን ቀዳዳውን በር አደረገው። ስለ ሕግ ታሪካችን ሰፊ መጽሐፍ ያበረከቱልን ዶክተር አበራ ጀምበሬ ራሳቸው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በታላቁ ቤተ መንግሥት ታስረዋል፤ የሕጉን ታሪክ ጸሐፊ ሕጉ አላስጣላቸውም። ከዚያ በኋላ የመጣው ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም.፣ በአንቀጽ 19(5)፣ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደነገገ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 424 እንዲህ ያለውን ምርመራ ወንጀል አደረገው። ይሁን እንጂ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ፣ በአንቀጽ 23፣ የመረጃ ምንጩና የተገኘበት ዘዴ ያልተገለጸ የደኅንነት ሪፖርት በማስረጃነት እንዲቀርብ ፈቀደ። ወፏ ተመለሰች! ልዩነቱ፣ የአፈርሳታዋ ወፍ ጎረቤት ነበረች፤ ይህችኛዋ የመንግሥት ነበረች። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2006 ዓ.ም. ስለ ማዕከላዊ ባወጣው ሪፖርት ርዕስ ላይ ያስቀመጠውም መርማሪዎቹ የሚሹት የእምነት ቃል መሆኑን ነበር። ማዕከላዊ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ አዋጁም በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ። ልማድ ግን በአዋጅ አይሻርም።

«ያለ እምነት ቃል መክሰስ አይቻልም» ለሚለኝ ተማሪዬ ከራሳችን ታሪክ አንድ ምስክር ልጥራ። በ1984 ዓ.ም. የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ በደርግ ባለ ሥልጣናት ላይ ያቀረበው ክስ በብዛት የተደገፈው በደርግ በራሱ ሰነዶች ነበር፤ ቃለ ጉባኤ፣ ፊርማ ያለበት ትእዛዝ፣ ደብዳቤ። የጅምላ መቃብሮች ተቆፍረው በባለሙያ ተመረመሩ። ፍርዱ የተሰጠው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በመሆኑ ሂደቱ በመንዛዛቱ ተወቅሷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነው። ቢሆንም ዱካን ተከትሎ ከባዱን ክስ ማስረዳት እንደሚቻል በዚህችው አገር ታይቷል።

ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በእንግሊዝ አገር «የበርሚንግሃም ስድስቱ» የሚባሉት ሰዎች ፖሊስ አስገድዶ በተቀበላቸው ቃል ጭምር ተፈርዶባቸው 16 ዓመት ያህል ታስረው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ንጹሕ ሆነው ወጡ። እንግሊዞች ከእንዲህ ያሉ ውርደቶች በኋላ የምርመራ ቃል በድምፅ መቅረጽን አጠናከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያም መርማሪው ለማሳመን ሳይሆን መረጃ ለማግኘት እንዲጠይቅ የሚያሠለጥን አዲስ ዘዴ ዘረጉ። ይህን ለውጥ ያመጣው ፖሊሱና ተመራማሪው አብረው በመሥራታቸው ነው።

አሁን የራሴን ቃል ልስጥ። ተማሪ ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር ተይዤ ነበር። በአራተኛው ሌሊት አንድ ወረቀት ቀረበልኝ፤ ሳላነበው ፈረምሁ። አልተመታሁም። ደክሞኝ ነበር፤ እናቴም ያለሁበትን አታውቅም ነበር። ወረቀቱ ላይ ያልወረወርሁትን ድንጋይ እንደ ወረወርሁ፣ ከእኔ ጋር ያልነበረ ልጅም አብሮኝ እንደ ነበረ ተጽፎ እንደ ነበር ያወቅሁት ኋላ ነው። እኔ በሳምንቱ ተፈታሁ፤ ያ ልጅ ከእኔ በኋላ ወራት ቆየ። ዛሬ ስለ ማስረጃ ሳስተምር ሁልጊዜ በሐሳቤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሰማኛል።

እንግዲህ ወንድሜ፣ «ምን ይዤ ልቅረብ?» ላልኸኝ መልሴ ይህ ነው። ያገኘኸውን ዱካ ይዘህ ቅረብ፤ ካላገኘህም ባዶ እጅህን ቅረብ። በባዶ እጅ የቀረበ መርማሪ አንድ ጥፋተኛ ሊያመልጠው ይችላል። በግድ የተሰጠ ቃል ይዞ የቀረበ ግን ጥፋተኛውም አምልጦታል፤ ንጹሑንም አስሯል። የመመረቂያ ጽሑፍህንም ስለ አንቀጽ 31 ትርጉም አትጻፍ፤ እርሱን ሕጉ ጽፎታል። በምትሠራበት ጣቢያ ከተዘጉት መዝገቦች ስንቶቹ በእምነት ቃል ብቻ እንደ ቆሙ ቁጠርልንና አሳየን። ያን ጊዜ አስተማሪው አንተ፣ ተማሪው እኔ እሆናለሁ።

ቸር ይግጠመን።