ሺህ ብር ለእንባ

ከኩየራ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «ጋሼ፣ ሐኪም ሲሳሳት ሕጉ ምን ይላል?» አለኝ። ለሁላችሁም ልመልስ።

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ጉማ አለ። ለጠፋ ነፍስም ለጎደለ አካልም ጎሳው አዋጥቶ ይክሳል፣ ሽማግሌ ያስታርቃል።

በ1952 ዓ.ም. ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ፤ ያረቀቀው ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። በሐዋሳ መንገድ መኪና ቢገጫችሁ ባለንብረቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል (ቁጥር 2081)። ሐኪም ግን የሚጠየቀው ጥፋቱ በሙያው ደንብ ተመዝኖ ሲረጋገጥ ብቻ ነው (2031፣ 2647)። በሠራተኞቹ ጥፋት ሆስፒታሉም ይጠየቃል (2651)።

ታዲያ ማን ያስረዳ? ታካሚው! ካርዱ ያለው ግን እነሱ ጋ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ቁጥር 2116 ነው። ለሐዘን የሚከፈለው የሞራል ካሳ ከ1000 ብር እንዳይበልጥ ተጻፈ። ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የለቅሶ ድንኳን እንኳ አያስከራይም። ጉማ ቢያንስ በዳዩን ከተበዳዩ ፊት ያቆመው ነበር።

ልጆቼ፣ ከውል ውጪ የሆነ የካሳ ክስ በ2 ዓመት ይታገዳል (2143)። የሕክምና ወረቀታችሁን አትጣሉ፣ አደራ!