የሽንፈት ቀን ሐውልት

ፒያሳ ላይ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሐውልቶች አሉ። ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ድልን ይናገራል፤ ዓድዋን። ማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ የቆመው የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ግን የሚያስታውሰው አገር የተሸነፈችበትን ቀን ነው። ለዛሬ ሰው የሚከብደውም የሁለተኛው ትርጉም ነው።

ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው። ፋሽስት ጣሊያን ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገብቷል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዋል። ሐምሌ ላይ አርበኞች በክረምቱ ዝናብ ከተማዋን ሊያስለቅቁ ገሠገሡ። ጥቃቱ ሳይቀናጅ ከሸፈ፤ አቡነ ጴጥሮስም በጣሊያን እጅ ወደቁ።

እኚህ አባት ፍቼ ተወልደው፣ በ1921 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ሆነው የተሾሙ፣ የመንዝና የወሎ እረኛ ነበሩ። አርበኞቹን እንዲያወግዙ፣ ሕዝቡንም ለጣሊያን ተገዛ እንዲሉ ተጠየቁ። እምቢ አሉ። ይልቁንም ለወራሪ የሚያድረውን አወገዙ። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ ተረሸኑ።

ያን ዕለት ያየ ሰው ነገሩ አበቃ ቢል አይፈረድበትም። ግን አላበቃም። እርሳቸው በጠበቁት መንዝ፣ በመርሐቤቴና በተጉለት ተራሮች እነ አበበ አረጋይ እስከ 1933 ዓ.ም. ነጻነት ድረስ አልተንበረከኩም። የሐውልቱ ምሥጢር ይኸው ነው፦ ድሉ ከመታየቱ በፊት እምቢ ማለት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቱን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ያለውም ያለ ነገር አይደለም።

በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ሥራ ሐውልቱ ሲነሳ ብዙ ሰው «በዚያው ይቀራል» ብሎ ሰጋ። ጣሊያን የምኒልክን ሐውልት ነቅሎ እንደነበር ለሚያውቅ ሕዝብ ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ባቡሩም በዋሻ ውስጥ ያልፋል። ቃል ሲከበር ልማትና ታሪክ አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው።

የዛሬው ጥያቄ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪው ተበትኗል። ሐውልቱ ቆሟል፤ እያሳየ ለልጁ ይተርክ የነበረው ጎረቤት ግን ከአካባቢው ርቋል። ድንጋይ ደግሞ ተራኪ ከሌለው ድንጋይ ብቻ ነው። ስለዚህ የሐምሌ 22 ታሪክ ለአንድ አደባባይ መተው የለበትም፤ በፍቼም በመንዝም ትምህርት ቤቶች ይነገር። ልጆች የዓድዋን ድል እንደሚያውቁ ሁሉ፣ ሁሉም ነገር የጠፋ በመሰለበት ሰዓት «አይሆንም» ያለውንም ሰው ይወቁ።