የትልቅ ሙሉ ቁጥር ጥንድ አካፋዮች
ጥንድ አካፋዮች ተባዝተው አንድን ሙሉ ቁጥር የሚሰጡ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። ከጥንዱ ትንሹ ከቁጥሩ ስኩዌር ሩት ስለማይበልጥ ፍለጋው እዚያ ያበቃል፤ ለ5040 እስከ 70 መሞከር ይበቃል። ብቸኛ አካፋዮቹ የጥንዶቹን ብዛት አስቀድመው ያሳውቃሉ፦ 5040 = 2⁴ × 3² × 5 × 7 ነው፤ በየአርቢው ላይ 1 ተደምሮ ሲባዛ 5 × 3 × 2 × 2 = 60 አካፋዮች፣ ማለትም 30 ጥንዶች ይገኛሉ። የመጨረሻው ጥንድ 70 × 72 ነው።

አካፋዮቹ ሲቀራረቡ እጅግ የሚያምረው መንገድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የፒየር ደ ፌርማ ነው፦ ቁጥሩን የሁለት ስኩዌሮች ልዩነት አድርጎ መጻፍ። 2027651281 = 45041² − 1020² ስለሆነ፣ 45041 እና 1020 ሲደመሩ 46061፣ ሲቀናነሱ 44021 ይሰጣሉ፤ ጥንዱም እነዚሁ ናቸው። ከስኩዌር ሩቱ በላይ ካለው 45030 የጀመረ በ12ኛው ሙከራ ይደርስበታል፤ ከ2 ተነስቶ በተራ የሚያካፍል ግን እስከ 44021 ይለፋል።