የራስ ማንነት ዕድገት

የራስ ማንነት ዕድገት ሰው ከጨቅላነቱ ጀምሮ ራሱን ከሌሎች የተለየና ጊዜ ቢያልፍም የሚቀጥል ሰው አድርጎ ወደማወቅ የሚደርስበት ሥነ ልቡናዊ ሂደት ነው። ሕፃን በ5 ወር ገደማ የስሙን ድምፅ ለይቶ ይሰማል። ከ18 እስከ 24 ወር ባለው ጊዜ ራሱን በመስታወት ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ጥናቷን ያሳተመችው ቢዩላ አምስተርዳም በሕፃናት አፍንጫ ላይ የቀለም ምልክት አድርጋ፣ መስታወት ሲያዩ የራሳቸውን አፍንጫ መንካታቸውን መለኪያ አድርጋለች። በዚሁ ዕድሜ አካባቢ «እኔ» እና «የኔ» ማለት ይጀመራል። የሥነ ልቡና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው ባለ8 ደረጃ ንድፈ ሐሳብ «ማን ነኝ?» የሚለው ጥያቄ የጉርምስና ዋነኛ ፈተና ነው።

በኢትዮጵያ ልጅ የራሱን ስም ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር አያይዞ ይማራል። ፒያሳን በመሰሉ የሐዋሳ ሰፈሮች የሚያድግ ልጅ ቤት ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ሌላ ቋንቋ፣ ደጅ ደግሞ አማርኛ ሊሰማ ይችላል። በአካባቢው ያለው የሲዳማ ሕዝብ የሉዋ ሥርዓት ደግሞ ወንዶችን በየ7 ዓመቱ በሚፈራረቁ 5 የትውልድ ምድቦች ይደለድላል፤ የልጁ ምድብ የሚወሰነው በአባቱ ምድብ ነው። በዚህም ግላዊ ማንነት ከዘርና ከማኅበራዊ ኃላፊነት ጋር ይተሳሰራል።