የጥርስ ሐኪምና የሕፃናት ደኅንነት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታና በግንጪ በኩል አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም በጉደርና በጌዶ ወደ ባኮ የሚዘልቀው መንገድ ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች የኑሮ መሠረት ነው። ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው አምቦም በማዕድን ውኃዋ ምክንያት ለብዙ ዘመን ፈውስ ፈላጊዎችን ስታስተናግድ ኖራለች። ነገር ግን ሕመሙን በቃል ለማስረዳት የማይችል አንድ ሕመምተኛ አለ፤ እርሱም ሕፃን ነው።

በብዙው የአገራችን ክፍል ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው ምክንያቱ ያልበቀለው የወተት ጥርስ ነው የሚል እምነት ቆይቷል። ከዚህም የተነሣ ድዱ በስለት ተከፍቶ የጥርሱ ፍሬ ይወጣል። መዘዙም የደም መፍሰስና መመርቀዝ ነው፤ ከሥር ያለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል። ከዓመታት በኋላ የጥርስ ሐኪሙ ክራንቻው የጎደለበትን ቦታ ሲያይ የሆነውን ይረዳል። ይሁን እንጂ ወላጅ ይህን ያደረገው ለልጁ አስቦ ነውና ድርጊቱ ከድብደባ ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ አይገባም።

ስለ ድብደባው የሕክምናው ዓለም ዓይኑን የገለጠው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ዶክተር ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ስለ ተደበደቡ ሕፃናት ጥናት አወጡ፤ እስከ 1967 ድረስም የአገሪቱ ክፍላተ ግዛት ሁሉ ጥርጣሬን የማስታወቅ ሕግ ደነገጉ። ጉዳቱ በራስ፣ በፊትና በአፍ ላይ ስለሚበዛ የጥርስ ሐኪም ቀዳሚ ምስክር ሊሆን ይችላል። ገና በማይራመድ ሕፃን ላይ የላይኛውን ከንፈር ከድድ የሚያያይዘው ቀጭን ሥጋ ተቀዶ ሲገኝ፣ ወይም በተለያየ ጊዜ የደረሱ ቁስሎች ሲታዩ፣ መጠየቅ ይገባል። እኛም መሐንዲሶች የተሰነጠቀ ምሰሶ ስንመረምር የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የተነገረን ምክንያት ይህን ስንጥቅ ሊያመጣ ይችላልን? ምልክት ግን ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ኢትዮጵያ የሕፃናትን መብት ስምምነት በ1983 ዓ.ም. ተቀበለች፤ በ1987ቱም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ለሕፃናት መብት ተሰጠ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ልጅን ማንገላታትን፣ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን ጭምር ይከለክላል። ሆኖም በአንቀጽ 443 ወንጀልን የማስታወቅ ጠቅላላ ግዴታ የተጣለው በሞት ወይም በዕድሜ ልክ እሥራት በሚያስቀጡት ላይ ነው። በሌላ በኩል የሙያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለ። እንግዲህ ባለሙያው በሁለቱ መካከል ከኅሊናው ጋር ይቀራል።

ስለሆነም ያየውን በጽሑፍ ማስፈር፣ ከባልደረባ ጋር መመካከርና አግባብ ላለው ክፍል ማስታወቅ የሙያው ክብር ነው። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮሞ ባህል ወጥቶ በሕጋችን የገባ ነው፤ ልጅ ከወላጁ ቤት ውጭም ኃላፊ እንዳለው ያስተምረናል። ሕፃኑ አፉን ከፍቶ በተቀመጠበት በዚያ ሰዓት ያ ኃላፊ ሐኪሙ ነው።