የሠራዊት ድካምና ዕረፍት፤ ከመቅደላ እስከ ዐድዋ

ስለ ጦርነት የሚጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚቈጥሩት ሦስት ነገሮችን ነው፤ የወታደሩን ብዛት፥ የመሣሪያውን ዐይነትና የአዝማቹን ብልኀት። አራተኛው ነገር፥ ማለት ድካም፥ በመጻሕፍቱ ውስጥ የሚገኘው እንደ ሐዘን መግለጫ ሆኖ እንጂ እንደ ምክንያት ሆኖ አይደለም። «ሠራዊቱ እጅግ ደክሞ ነበር» ተብሎ ይጻፍና ነገሩ በዚያው ይታለፋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ የታለፈውን ነገር ነው፤ ይኸውም በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ፥ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ በዐድዋ ዘመቻ የሠራዊቱ ድካም ከየት እንደ መጣ፥ ማን እንደ ተሸከመውና በውጤቱ ላይ ምን እንዳደረገ ነው።

ጥያቄውን ያስነሣው የዘመናችን ጨዋታ ነው። በአዲስ አበባ፥ ለምሳሌ በቦሌ አትላስ በሚባለው ሰፈርና በመሰሎቹ፥ ወጣቶች በኮምፒዩተርና በቴሌቪዥን ከሚጫወቷቸው ጨዋታዎች መካከል ሞተው ከሚንቀሳቀሱ ሬሳዎች፥ ማለት ከ«ዞምቢ»፥ ተርፎ መኖርን የሚያሳዩ ይገኛሉ። «ፕሮጀክት ዞምቦይድ» በተባለው ጨዋታ የተጫዋቹ ሰው ሁለት ዐይነት ድካም አለበት። አንደኛው በሩጫና በድብድብ የሚመጣ፥ ጥቂት ቍጭ ሲሉ የሚለቅ የትንፋሽ ድካም ነው፤ ሁለተኛው እንቅልፍ በማጣት የሚመጣ፥ ተኝተው ካልተነሡ የማይለቅ ድካም ነው። ሸክም የበዛበት ቶሎ ይደክማል፤ የደከመም ሰው ምቱ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው በ«ስቴት ኦፍ ዲኬይ» ሁለተኛ ክፍል ደግሞ አንዱ ሰው ሲደክም ተጫዋቹ እርሱን አሳርፎ ከማኅበሩ ሌላውን ይልካል። ሬሳው ግን አይደክምም፤ የጨዋታውም ፍርሀት ያለው በዚሁ ላይ ነው።

የጨዋታው ሠሪዎች ያወጧቸው እነዚህ ሕግጋት የጥንት ዘማች ሁሉ በሰውነቱ የሚያውቃቸው ናቸው። ስለዚህ ከነርሱ ሦስት ጥያቄዎችን ወስደን ወደ ታሪኩ እንገባለን። ሸክሙ ምን ያህል ነው? ዕረፍቱ መቼ ነው? ያንዱን ድካም የሚቀበልለት ሌላው ማን ነው?

፩. የሴባስቶፖል ሸክም

ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ፥ በጋፋት በኤውሮፓውያን ሠራተኞች ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው ነበር። ክብደቱ 70 ኩንታል፥ ማለት 7 ቶን ያህል ነው። በዚያ አገር የሠረገላ መንገድ ስላልነበረ መንገዱን ራሱን እየሠሩ መሄድ ግድ ሆነ። ዐለት ይፈለጣል፥ ጕድባው ይደለደላል፥ ቍልቍለቱ ይቈረጣል፤ ከዚያም መድፉ በሰው ጕልበት ይሳባል፤ በማግስቱም እንደዚያው ነው። የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶ የወጣው እንዲህ ሆኖ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በዐይናቸው ያዩ ሰዎች ጽፈዋል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ስለ ሆነ፥ ጭነት የሌለው መንገደኛ እጅግ ባነሰ ጊዜ የሚያልፈው መንገድ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

ይህን ጕዞ ብዙ ጸሐፊዎች የንጉሡን ጽናት ለማሳየት ይጠቅሱታል፤ ጽናት መሆኑም አይካድም። በድካም ሒሳብ ስናየው ግን ሌላ ነገር ይታያል። ቀድሞ እጅግ ብዙ የነበረው ሠራዊት በየጊዜው እየከዳ አንሶ ነበር፤ በየአውራጃውም ብዙው መኰንን ሸፍቶ ነበር። እንግዲህ ድካሙን የሚቀበል ሁለተኛ ጭፍራ አልነበረም ማለት ነው። ዛሬ መንገድ የቈፈረው ሰው ነገ መድፍ ይስባል፥ ማታ ደግሞ ዘብ ይቆማል። ባላገሩም ከብቱንና እህሉን ይዞ ስለ ሸሸ ስንቅ የሚገኘው በችግር ነበር። የስድስት ወር ጕልበት ሁሉ በአንድ ብረት ላይ ዋለ፤ ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬ የሞቱበት ውጊያ በሆነ ጊዜ ግን ያ ብረት የነገሩን መጨረሻ አልለወጠውም። ሚያዝያ 6 ቀን ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ዐምባ በገዛ ሽጕጣቸው ሞቱ።

፪. ድካምን ለሌላ ማሸከም

ከዚያው ዘመቻ በተቃራኒው ወገን የእንግሊዙን የጀኔራል ናፒየርን ጦር እናገኛለን። ይህ ጦር 13,000 ያህል ወታደር ሲሆን፥ ከዙላ ባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዟል። ከወታደሩ ይልቅ ብዙ የነበረው ጓዙን የሚያነሣው ሕዝብ ነው። በዙላ የባሕሩ ውሃ በመርከብ ላይ እየተጣራ ይጠጣ ነበር፤ ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘረጋ፤ ከባዱን መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ መጡ፤ በቅሎውና ግመሉም ብዙ ሺህ ነበር። ከትግራዩ ደጃዝማች ካሳ፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሆኑት፥ ጋር ስምምነት ስለ ተደረገ ባላገሩ እህልና ሣር በማርያ ቴሬዛ ብር እየሸጠ አሳለፋቸው።

ከዚህ የምንረዳው እንግሊዞቹ ከኢትዮጵያውያኑ የበለጠ የማይደክም ሰውነት እንዳልነበራቸው ነው። የነበራቸው ድካማቸውን የሚያሸክሙት ነው፤ ለዝሆኑ፥ ለበቅሎው፥ ለሕንዱ ጓዝ አንሺና ለብሩ። ዋጋውም በነርሱ ላይ አልታየም እንጂ ጠፍቶ አልቀረም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻ ብዙ በቅሎ በዙላ አሸዋ ላይ በውሃ ጥምና በበሽታ አልቋል። ሁለቱ ሠራዊቶች እሮጌ ላይ ሲገናኙ አንደኛው የራሱን ድካም ራሱ ተሸክሞ የመጣ፥ ሁለተኛው ለሌላ አሸክሞ የመጣ ነበር። በመሣሪያ በኩል የነበረው ልዩነት ታላቅ ቢሆንም፥ ይህም ልዩነት አብሮ መቈጠር አለበት።

፫. የበሶው መንገድ

በ1888 ዓ.ም. መስከረም የክተት ዐዋጅ ሲነገር አገሩ ከክፉ ቀን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የከብቱ በሽታ የሚበዛውን በሬ ፈጅቶ፥ ድርቅና ረኀብ ተከትሎ፥ ሕዝቡ እጅግ ተጐድቶ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በጥቅምት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ተነሡ፤ የሠራዊቱም መገናኛ ወረኢሉ ሆነ። እስከ ዐድዋ ያለው መንገድ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚበዛውም ሰው የሄደው በእግሩ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ፥ የሸክሙን፥ እናንሣ። የዘማቹ ስንቅ በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነው። በሶ የተቈላ ገብስ ዱቄት ስለ ሆነ በውሃ ተበጥብጦ ወይም ተለውሶ ይበላል እንጂ እሳትና እንጨት አይጠይቅም፤ ለመያዝም ቀላል ነው፤ ቶሎም አይበላሽም። ስለዚህ መንገደኛው ሳይሰፍር ይበላል፤ ሰፍሮም ከሆነ ለማብሰል የሚያጠፋውን ጊዜ ይተኛበታል። አቅም ያለው ወታደር ጋሻ ጃግሬ ነበረው፤ ጋሻውንና ጠመንጃውን በጕዞ ላይ የሚይዝለት እርሱ ነው። ጌታው ወደ ውጊያ የሚገባው ከሸክም ባረፈ ክንድ ነው።

ሁለተኛው ነገር ጦሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ አለመድከሙ ነው። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ የማጆር ቶዜሊ ጦር ሲሸነፍ የተዋጋው ራስ መኰንን ከሌሎች መኳንንት ጋር የመሩት ግንባር ቀደም ጦር ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዋና ሠራዊት ገና ከኋላ ይጓዝ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ ይበልጥ የተዘነጋ ነው። ከሠራዊቱ ጋር የሚዘምቱት ሴቶች ቀኑን ከዘማቹ ጋር እኩል ሲጓዙ ይውላሉ። ሰፈር ሲሰፈር ወታደሩ ጋሻውን ተንተርሶ ጋደም ይላል፤ ሴቲቱ ግን እንጨት ትለቅማለች፥ ውሃ ትቀዳለች፥ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች፥ ትጋግራለች። ሌሊቱ ከገፋ በኋላ ትተኛለች፤ ንጋት ላይ ነጋሪት ሲጐሰም ከሁሉ ጋር ትነሣለች። በጨዋታው አነጋገር ወታደሩ የትንፋሹን ድካም ብቻ ሲይዝ የእንቅልፉን ድካም እርስዋ ተቀብላዋለች። የሠራዊቱ ዕረፍት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ከርስዋ እንቅልፍ ተቀንሶ የተሰጠ ነው።

፬. የመቀሌ ውሃና የዐድዋ ሌሊት

በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ በተባለው ስፍራ ማጆር ጋልያኖ ከአንድ ሺህ በላይ ወታደር ይዞ መሽጎ ነበር። ምሽጉን በጦር ለመስበር የተደረገው ሙከራ ብዙ ሰው አስጨረሰ። በኋላ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ውሃው ከምሽጉ ውጭ መሆኑ ታይቶ ተያዘ። ከዚያ ወዲህ በምሽጉ ውስጥ ያለው ሰው ሳይዋጋ መድከም ጀመረ፤ በጥርም ወር በስምምነት ለቆ ወጣ። ጠላትን ከመምታት ይልቅ የሚያርፍበትን ነገር መከልከል የሚያዋጣ መሆኑን ከዚህ የሚገልጽ ምሳሌ በታሪካችን ጥቂት ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ሠራዊቶች በዐድዋ አካባቢ ተፋጠው ብዙ ቀን ቈዩ። ይህ ጊዜ በእውነት የድካም ውድድር ነበር። የኢትዮጵያው ሠራዊት ከተነሣ አምስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ያም አገር በጦርና በረኀብ የተጐዳ ስለ ነበረ እህል የሚገኘው እየራቀ ሄደ። ጀኔራል ባራቲዬሪም ሳውርያ ላይ ሆኖ የቀረው ስንቅ ለጥቂት ቀን ብቻ የሚበቃ ነበር። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ የሚያዋርድ ቴሌግራም ላከበት፤ ጀኔራሎቹም ወደ ኋላ መመለስን አልወደዱም። ስለዚህ ባራቲዬሪ ከ17,000 በላይ የሆነውን ጦር በአራት ብርጌድ ከፍሎ የካቲት 22 ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ አስነሣው።

የዚህን ሌሊት ነገር በድካም ሒሳብ እንመልከተው። ወታደሩ ስንቁ ካነሰበት ሰፈር ተነሥቶ፥ በማያውቀው ገደላማ መንገድ፥ ሳይተኛ ሌሊቱን ሙሉ ተጓዘ። አልቤርቶኔ በካርታው የተሳሳተውን የኪዳነ ምሕረትን ኰረብታ ሲፈልግ ከሌሎቹ ርቆ ሄደ፤ ዳቦርሚዳም ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። ማለዳ በ12 ሰዓት ተኵስ ሲጀመር እያንዳንዱ ብርጌድ ብቻውን ነበር፤ ሲደክምም የሚተካው ወገን በአጠገቡ አልነበረም። የኢትዮጵያው ሠራዊት ግን ያቺን ሌሊት በሰፈሩ አድሯል። ብዙ ሰው ስንቅ ፍለጋ ሄዶ የነበረ ቢሆንም፥ ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱም ቅዳሴ ላይ የነበሩ ቢሆኑም፥ ጥሪው ሲደርስ የመጣው ተኝቶ ያደረ ሰው ነው። የሸዋው፥ የጎጃሙ፥ የወሎው፥ የሐረሩና የትግራዩ ጦር በተራ በተራ ሲገባ ደክሞ የወጣውን ያልደከመው ይተካው ነበር። እቴጌ ጣይቱ ያሰለፏቸው ሴቶችም ለሚዋጋውና ለቈሰለው ውሃ ያቀርቡ ነበር።

ይህን ስንል ዐድዋን ያሸነፈው ድካም ነው ማለታችን አይደለም። የሠራዊቱ ብዛት፥ የጠመንጃውና የመድፉ ዝግጅት፥ የመኳንንቱ አንድነትና የጠላት የካርታ ስሕተት ሁሉ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ካርታ የተሳሳተ ቢሆንም በቀን ብርሃንና ባረፈ ሰው ይታረማል፤ በሌሊት ሲጓዝ ባደረ ሰው ግን አይታረምም። ስለዚህ ድካሙ ስሕተቱን የሚያባብስ እንጂ ከስሕተቱ የተለየ ነገር አልነበረም።

፭. ከድሉ በኋላ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው ድል በኋላ ዐፄ ምኒልክ መረብን ተሻግረው ኢጣልያኖችን እስከ ባሕር ለምን አላሳደዱም የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ሲያከራክር ይኖራል። አንዳንዱ ፖለቲካን ያነሣል፤ አንዳንዱም ከኢጣልያ አዲስ ጦር ወደ ምጽዋ ይመጣ እንደ ነበር ያስታውሳል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከምክንያቶቹ አንዱ በግልጽ ይህ ሠራዊት ስንቁን የጨረሰ፥ ቍስለኛው የበዛበትና ከቤቱ 1,000 ኪሎ ሜትር የራቀ መሆኑ ነው። ክረምቱም ሳይደርስ መመለስ ነበረበት፤ ገበሬው ካልተመለሰ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ የለም። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት አዲስ አበባ ገቡ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ኢጣልያ የኢትዮጵያን ነጻነት ስታውቅ፥ ኤርትራ ግን በእጅዋ ቀረች። የዛሬው ድንበር በከፊል የድካም ልክ የተሰመረበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከቱት ዘመቻዎች አንድ ነገር ያስተምሩናል። ድካም በጨዋታው እንደሚታየው የአንድ ሰው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰው፥ ከሰው ወደ እንስሳ ይተላለፋል። በመቅደላ ጕዞ ዐፄ ቴዎድሮስ የሚያስተላልፉለት አጥተው ከነወታደራቸው ተሸከሙት፤ ናፒየር ለእንስሳና ለተቀጣሪ ሰጠው፤ በዐድዋ የኢትዮጵያ ወታደር ያረፈው ሴቲቱና ጋሻ ጃግሬው ስላላረፉ ነው። የዘማቾቹ ስም በዜና መዋዕልና በፉከራ ተጽፎልናል፤ የነዚህ ስም ግን አልተጻፈም።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየአገራችሁ ስትመለሱ የአያቶቻችሁን የጦር ሜዳ ታሪክ ስትጠይቁ፥ «ማን ገደለ?» ከሚለው ጋር «ማን ፈጨ? ማን ውሃ ቀዳ? በቅሎው የማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ፉከራውን ስትሰበስቡም ሴቶች በወፍጮ ላይ የሚያንጐራጕሩትን አብራችሁ ጻፉ። ከጽሕፈት የቀረው የዘመቻ ታሪክ ተፈልጎ የሚገኘው በዚያ ነው።