ሕግና ቡጢ፦ የሴሲሊያ ብሬክሁስ የቦክስ ሕይወት በኖርዌይ ታሪክ ውስጥ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ቢመስል አይደንቀኝም። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ድንበርና ስለ ግብር በምንነጋገርበት አዳራሽ ስለ አንዲት ኖርዌያዊት ቦክሰኛ ምን ይባላል? መልሴ አጭር ነው። አንድ መንግሥት አንድን ሙያ በወንጀልነት ፈርጆ ለ33 ዓመታት ከከለከለ በኋላ፣ በዚያው ሙያ ውጭ አገር ስም ያተረፈችውን ዜጋ በዋና ከተማው በጭብጨባ ሲቀበል፣ በመካከሉ የሆነው ነገር የታሪክ ጥያቄ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኖርዌይ ለቦክስ ባዕድ አልነበረችም። ኦቶ ፎን ፖራት በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ በከባድ ሚዛን የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቶ ኋላ በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሆኗል። ፒት ሳንስቶል ደግሞ በ1931 ሞንትሪያል ላይ ከዝነኛው ፓናማዊ አል ብራውን ጋር ተፋልሞ በነጥብ ተሸንፏል። ሁለቱም ስማቸውን የተከሉት ከአገራቸው ውጭ ነው። በዚያ ዘመን ግን የሚያስወጣቸው የገበያ ጥበት እንጂ ሕግ አልነበረም።

ሕጉ የመጣው በ1981 ነው። የኖርዌይ ምክር ቤት ስቶርቲንግ በዚያ ዓመት ፕሮፌሽናል ቦክስን በአገሪቱ ውስጥ ከለከለ። ድርጊቱን በዘመናዊ ንቀት ማየት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ተማሪዎቼ እንዲያ እንዲያዩት አልፈልግም። ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ አንጎል እንደሚጎዳ የሕክምና ባለሙያዎች ከሕጉ በፊትም ያውቁ ነበር። ጎረቤት ስዊድን ከ10 ዓመት በላይ ቀድማ ከልክላለች፤ አይስላንድ በ1950ዎቹ አማተሩንም ጭምር አግዳለች። ከኖርዌይ ሕግ ጥቂት ቆይቶ የብሪታኒያ ሐኪሞች ማኅበርና የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ቦክስ እንዲታገድ ጠይቀዋል። ስለዚህ የኦስሎ ሕግ አውጪዎች ከዘመናቸው የተለዩ ግትሮች አልነበሩም።

የሕጉ ድክመት ሌላ ቦታ ላይ ነው። አማተር ቦክስ እንደ ተፈቀደ ቀጠለ። አማተሩ ዙሩ ማነሱና ቁጥጥሩ መጥበቁ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚሰነዘረው ቡጢ ያው ቡጢ፣ የሚቀበለውም ያው ጭንቅላት ነው። ሕጉ ቡጢን ከቡጢ የለየው በክብደቱ ሳይሆን በዋጋው ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከበስተጀርባው በሰሜን አውሮፓ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፦ ስፖርት የክበባት፣ የበጎ ፈቃደኞችና የጤና ጉዳይ ነው፤ ገንዘብ ሲገባበት ይበላሻል። እገዳው ከሕክምና ምክር ባልተናነሰ የዚህ እምነት ልጅ ነው።

ውጤቱም ሙያውን ማጥፋት ሳይሆን ማሰደድ ሆነ። ስቴፈን ታንግስታድ የአውሮፓ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆኖ በ1986 ላስ ቬጋስ ላይ ማይክል ስፒንክስን ሲገጥም፣ ማግኔ ሃቭኖ በ1990 የዓለም ቀበቶ ሲይዝ፣ አንዳቸውም ይህን በአገራቸው ምድር ማድረግ አይችሉም ነበር።

ሴሲሊያ ብሬክሁስ የተወለደችው ሕጉ በወጣበት በዚያው በ1981 ነው፤ የትውልድ ቦታዋ የኮሎምቢያዋ የወደብ ከተማ ካርታኼና ናት። በሁለት ዓመቷ ኖርዌያውያን በጉዲፈቻ ወስደው በምዕራብ ጠረፍ ባለችው በበርገን አሳደጓት። በ14 ዓመቷ ኪክ ቦክስ ጀመረች፤ በዚያም የዓለም ሻምፒዮንነት ደረሰች። ወደ ቦክስ ስትሻገር በ2005 የአውሮፓ አማተር ሻምፒዮን ሆነች፤ በዓለም ሻምፒዮናም የብር ሜዳሊያ አገኘች።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የዚህች ሴት ውሳኔ ትርጉም የሚኖረው ያኔ የነበሩት በሮች የትኞቹ እንደ ነበሩ ስናውቅ ነውና። አንድ ወንድ አማተር ቦክሰኛ በእሷ ደረጃ ቢደርስ ቀጣይ ግቡ ኦሊምፒክ ነው። ለሴቶች ግን ኦሊምፒክ ዝግ ነበር፤ የሴቶች ቦክስ በኦሊምፒክ የታየው በ2012 ለንደን ላይ ነው። ፕሮፌሽናል እንዳትሆን ደግሞ የአገሯ ሕግ አለ። ስለዚህ በ2007 መጀመሪያ በጀርመን የሳወርላንድ ቡድንን ተቀላቅላ ፕሮፌሽናል ስትሆን፣ ብዙዎች እንደሚተርኩት የጀብድ ምርጫ ብቻ አልነበረም፤ ክፍት የቀረው መንገድ እሱ ነበር። ጀርመንም በአጋጣሚ አልተመረጠችም። ሬጊና ሃልሚኽ ከ1995 እስከ 2007 የዓለም ሻምፒዮን ሆና ስትዘልቅ፣ የጀርመንን የቴሌቪዥን ተመልካች የሴቶች ቦክስ አስለምዳዋለች። ሃልሚኽ ጓንቷን በሰቀለችበት ዓመት ብሬክሁስ ገባች።

በመጋቢት 2009 ኪል ላይ ዴንማርካዊቷን ቪኒ ስኮውጎርድን አሸንፋ በዌልተር ሚዛን ሁለት ቀበቶ ያዘች። በቦክስ ዓለም አንድ ወጥ አስተዳዳሪ ስለሌለ አራት ድርጅቶች በየፊናቸው “የዓለም ሻምፒዮን” ይሰይማሉ፤ የማያከራክር ሻምፒዮን ለመባል አራቱንም መሰብሰብ ያስፈልጋል። ሦስተኛውን በ2010፣ አራተኛውን በመስከረም 2014 ኮፐንሃገን ላይ ክሮኤሺያዊቷን ኢቫና ሃባዚንን አሸንፋ ወሰደች። አራቱን ቀበቶ በአንድነት የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያን ዕለት ግን ያን ግጥሚያ ኦስሎ ላይ ማድረግ አሁንም ወንጀል ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ፣ በ2014 መጨረሻ፣ ስቶርቲንግ እገዳውን አነሣ። የተለመደው ትረካ “ሕጉን ያፈረሰችው እሷ ናት” ይላል። እኔ ይህን በከፊል ብቻ እቀበላለሁ። በ2013 ምርጫ ለግለሰብ ምርጫ የሚያደሉ ፓርቲዎች ሥልጣን ባይዙ ኖሮ ቀበቶዎቿ ብቻቸውን አንዲት አንቀጽ እንኳ ባልሻሩ ነበር። በሌላ በኩል፣ ለዓመታት በአደባባይ እገዳው እንዲነሣ ስትሟገት ለክርክሩ ፊት ሰጥታዋለች። ሕግ አውጪው በ1981 በዓይነ ኅሊናው የሣለው ቦክሰኛ በነጋዴዎች የሚበዘበዝ፣ አንጎሉ የላሸቀ ሰው ነበር፤ በ2014 ከፊቱ የቆመችው አንደበተ ርቱዕ የበርገን ሴት ናት። ታሪክ ጸሐፊው ሊይዘው የሚገባው ሚዛን እነዚህን ሁለቱን ሳይጥል ነው። የሕክምናው ጥያቄ ግን በድምፅ ብልጫ አልተመለሰም፤ ዛሬም እንዳለ ነው።

በጥቅምት 1 ቀን 2016 በኦስሎ ስፔክትረም አዳራሽ ከ1981 ወዲህ የመጀመሪያው ፕሮፌሽናል የቦክስ ምሽት ተካሄደ። ተጋጣሚዋ ፈረንሳዊቷ አን ሶፊ ማቲስ ነበረች፤ በከባድ ቡጢዋ የምትፈራ፣ ከአራት ዓመት በፊትም የገጠመቻት ሴት። ብሬክሁስ በሁለተኛው ዙር ጨረሰቻት። በቀጣዩ ዓመት በትውልድ ሳይሆን በዕድገት ከተማዋ በበርገን ተፋለመች።

ስለ አሜሪካው ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኤች ቢ ኦ የተባለው ጣቢያ ከ1973 ጀምሮ ቦክስ ሲያስተላልፍ፣ የሴቶች ግጥሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው ከ45 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2018፣ ብሬክሁስና ካሊ ሪስ ካሊፎርኒያ ላይ ሲገናኙ ነው። በሰባተኛው ዙር ወድቃ ተነሥታ በነጥብ አሸነፈች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጣቢያው ቦክስን ሲሰናበት በመጨረሻው ምሽትም እሷ ነበረችበት። ሴቶች ለዓለም ቀበቶ የሚፋለሙት ሁለት ሁለት ደቂቃ 10 ዙር፣ ወንዶች ሦስት ሦስት ደቂቃ 12 ዙር መሆኑንም አንርሳ፤ 20 ደቂቃ ለ36 ማለት ነው። ስለ ክፍያ ልዩነት ሲነሣ ይህ በምክንያትነት ይቀርባል፤ ልዩነቱን የፈጠሩት ግን ደንብ አውጪዎቹ እንጂ ሴቶቹ አይደሉም።

በነሐሴ 2020፣ በወረርሽኙ መካከል፣ በኦክላሆማ ቱልሳ ከተማ አውራ ጎዳና ላይ በተተከለ መድረክ ጄሲካ ማካስኪልን ገጠመች። እስከዚያ 36 ጊዜ ተጋጥማ 36 ጊዜ አሸንፋለች፤ ቀበቶዋንም 25 ጊዜ በመከላከል ከጆ ሉዊስ ክብረ ወሰን እኩል ደርሳለች። ያን ምሽት ብታሸንፍ ትበልጠው ነበር። አንደኛው ዳኛ እኩል ሰጠ፤ ሁለቱ ለማካስኪል። በመጋቢት 2021 በድጋሚው ግጥሚያ ሽንፈቱ በሦስቱም ዳኞች ሆነ። በ2023 ደግሞ በከፍተኛ ሚዛን ሼፊልድ ላይ ከቴሪ ሃርፐር ጋር አቻ ወጣች፤ 42 ዓመቷ ነበር።

 የ1981ዱን ሕግ መከላከል የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከእሱ ወይም ከእሷ ብሰማ ደስ ይለኛል።